እግሩን ሳናይ ሳንባውን ስናክም

ለምን እንደጻፍኩት

ባህር ዳር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል እሠራለሁ። ደም የተቀላቀለበት አክታ ይዞ የሚመጣ ሰው እኛ ጋ ብርቅ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ወይ የሳንባ ምች ነው፣ ወይ ቲቢ ነው። እጃችንም ወደ እነዚህ ሁለቱ ለምዷል። ይህ ሰው ግን ሁለቱም አልነበረበትም። አንደኛው ነው ብለን አምስት ቀን አከምነው። የሁለተኛውን መድኃኒት ልንጀምርለት ሰዓታት ሲቀሩ ነው የተመለስነው።

ታካሚው ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅዷል። ስሙን፣ ቀበሌውንና ሌሎች መለያዎቹን ትቻለሁ። ፈቃድ ስጠይቀው፣ «ስሜን ጻፈው አትጻፈው ግድ የለኝም፤ እግሬን ግን እንዳትረሳው» አለኝ። ሲናገር እየሳቀ ነበር። እኔ ብዙም አልሳቅኩም።

ሰውየው

ዕድሜው ሠላሳዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ከጣና ዳር፣ ወደ ከተማ በጀልባ ከሚመጣበት አካባቢ ነው። ቡና አለው፣ ጓሮው ውስጥ ትንሽ ጌሾ አለው። አያጨስም። እስከዚያ ድረስ ሆስፒታል ተኝቶ አያውቅም።

በገና ሰሞን ከዛፍ ወድቆ ቀኝ ቅልጥሙ ተሰበረ። ቤተሰቡ ወጌሻ አስጠራ። ወጌሻው አጥንቱን አቃንቶ በቀርከሃ ስንጥርና በጨርቅ ጠበቅ አድርጎ አሰረለትና፣ «አርባ ቀን እንዳትነቃነቅ» አለው። እሱም ትእዛዙን አከበረ። ጥምቀትን እንኳ ሌላው ታቦት ሊያጅብ ሲወጣ መደብ ላይ ተኝቶ ነው ያሳለፈው።

በአራተኛው ሳምንት መጀመሪያ ሌሊት ላይ ቀኝ ጎኑን ወጋው። «ትንፋሼን ስስብ ግማሽ ላይ ይይዘኛል» ነበር ያለኝ። በማግስቱ ትኩሳት መጣ። ቤት ውስጥ «ብርድ ነው፣ ውጋት ነው» ተባለና ፌጦ ተሰጠው። አልተሻለውም። በአቅራቢያው ካለ ጤና ጣቢያ አሞክሳሲሊን ታዘዘለት፤ እሱንም ጨረሰ። ከዚያ ሳል መጣ፣ ሳሉ ደም ይዞ መጣ። ወንድሞቹ ተሸክመው ጀልባ ላይ አወጡትና ባህር ዳር ገባ።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት

በገባበት ሌሊት ተረኛው እኔ ነበርኩ። ጋቢ ተከናንቦ በቃሬዛ ነው የመጣው። ትኩሳቱ 38.1፣ የልብ ምቱ በደቂቃ 112፣ ትንፋሹ 26 ነበር። ጣቱ ላይ ያደረግነው መለኪያ የኦክስጅን መጠኑን 88 በመቶ አሳየ። ባህር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የጤነኛ ሰው ቁጥርም ከቆላ ከተሞች ትንሽ ዝቅ ይላል። 88 ግን በከፍታ የሚመካኝ ቁጥር አይደለም።

ጥያቄዎቹን ጠየቅኩት።

«ከዚህ በፊት የታመምከው ነገር አለ?»

«የለም ዶክተር።»

«ቀዶ ሕክምና ተደርጎልህ ያውቃል?»

«ኧረ የለም።»

ካርዱ ላይ «ከዚህ በፊት ጤነኛ» ብዬ ጻፍኩ። በቃሬዛ መምጣቱን ድካም ነው ብዬ አለፍኩት። ደረቱን በደንብ አዳመጥኩ። ቀኝ ጎኑ ከታች በኩል ሲተነፍስ እንደ አዲስ ቆዳ ጫማ ሲጥጥ ይላል። ራጁ እዚያው ቦታ ላይ ነጭ ጥላና ጥቂት ውኃ አሳየ። ነጭ የደም ሕዋሱ ትንሽ ከፍ ብሏል። ትኩሳት፣ ሳል፣ ጥላ፤ ሁሉም ገጠመልኝ። የሳንባ ምች ብዬ ሴፍትራያክሶንና አዚትሮማይሲን የሚባሉ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች አዘዝኩና ወደ ቀጣዩ በሽተኛ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን ምንም ለውጥ የለም። በአራተኛው ቀን አልጋው ሥር ያለውን የቲማቲም ጣሳ አነሳሁት። አክታውን የሚተፋው እሱ ውስጥ ነው። ጥቁር ቀይ ደም ነበር፤ መግል የሚባል ነገር አልነበረውም። የባክቴሪያ ምች አክታ ብዙ ጊዜ እንዲህ ንጹሕ ደም አይሆንም። ይህ አንድ ፍንጭ ነበር። እኔ ግን ፍንጩን ወደ ቲቢ ነው የወሰድኩት። አክታው ጂን ኤክስፐርት ለሚባለው የቲቢ ምርመራ ተላከ፣ ውጤቱ «የለም» ብሎ ተመለሰ። በአምስተኛው ቀን የሐኪሞች ዙር ላይ፣ ምርመራው ባያገኘውም በሐኪም ግምት የቲቢ መድኃኒት ይጀመርለት ተባለ። እኔም ተስማማሁ። ካርዱ ላይ «ከነገ ጠዋት ጀምሮ» ተብሎ ተጻፈ።

ጋቢው ሲገለጥ

በማግስቱ ጠዋት እናቱ ኮሪደር ላይ ጠብቀው ያዙኝ።

«ልጄ፣ የሳንባውን እናንተ ታውቃላችሁ። ይህ እግሩ ግን እንቅልፍ ነሳው። ማሰሪያውን ላላ ብታደርጉለትስ?»

«የትኛው እግሩ፣ እማማ?»

መልስ አልሰጡኝም። ቀድመውኝ ገቡና የጋቢውን ጫፍ ገለጡት።

ከጉልበቱ በታች ቀርከሃው እንደታሰረ ነው። ከማሰሪያው በላይና በታች እግሩ አብጦ ቆዳው ያብለጨልጫል። ቁርጭምጭሚቱ አጠገብ አውራ ጣቴን ጫን አድርጌ ሳነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ማሰሪያውን ፈትተን ሁለቱን ባቶች በሜትር ለካን። ቀኙ ከግራው በ4 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ባቱን ስነካው ፊቱን አጨማደደ።

«ይህን ለምን አልነገርከኝም?»

«ወጌሻ ጋ ሄድኩ ስል ትቆጡኛላችሁ ብዬ ነው። ደግሞ ታመህ ታውቃለህ ወይ ነው ያልከኝ። ተሰብረሃል ወይ አላልከኝም።»

እውነቱን ነው። በእኛ አገር አነጋገር ስብራት ሕመም አይደለም። ሕመም ከውስጥ የሚመጣ ነው፤ ስብራት አደጋ ነው፣ ባለሙያውም ሌላ ነው። እኔ ያንን የማላውቅ ሰው አይደለሁም፤ ጎጃም ነው ያደግኩት። ሌሊቱን የጠየቅኩት ግን ከመማሪያ መጽሐፍ በተተረጎመ አማርኛ ነበር።

ቁጣውን በተመለከተም ልክ ነው። ወጌሻ ጋ የሄደ ሰው ሲመጣ ክፍላችን ውስጥ የሚባለውን አውቃለሁ፤ እኔም ብያለሁ። የተቆጣነው ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቀናል፤ ያልተቆጣነውም ሰምቶ ይደብቀናል።

ሳንባ ደም ሲያጥረው

ከተኛ እግር ወደ ሳንባ ያለው መንገድ አጭር ነው። ለብዙ ቀን የማይንቀሳቀስ እግር ውስጥ ደም በጥልቁ ደም መልስ ይተኛል። የባት ጡንቻ ሲኮማተር ነው ደሙን ወደ ላይ የሚገፋው፤ ጡንቻው ሥራ ሲፈታ ደሙም ይዘገያል። ስብራቱ ራሱ ደግሞ ደም ሥሩን ይጎዳል፣ ደሙም ቶሎ እንዲረጋ ያደርጋል። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካጠናው የደም መርጋት ጋር ስማቸው አብሮ የሚነሣ ሦስት ነገሮች አሉ፤ የደም መዘግየት፣ የደም ሥር መጎዳት፣ የደሙ በቀላሉ መርጋት። ሦስቱም እዚያ ቀርከሃ ሥር ነበሩ።

የረጋው ደም ቁራጭ ሲላቀቅ ወደ ላይ ይወጣል፣ በልብ ቀኝ ክፍል ያልፋል፣ የሳንባ ደም ቅዳ ውስጥ ገብቶ ይቀረቀራል። ይህን የሳንባ ኤምቦሊዝም እንለዋለን።

ሳንባ ግን በቀላሉ አይሞትም። ደም የሚያገኘው ከሁለት መንገድ ነው። አንዱ ከቀኝ ልብ የሚመጣው ትልቁ የሳንባ ደም ቅዳ ነው። ሌላው ከአኦርታ፣ ማለትም ከልብ ከሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ፣ አካባቢ የሚነሣ፣ ቀጭን ግን ግፊቱ ከፍ ያለ የብሮንካይ ደም ቅዳ ነው። በዚያ ላይ ከሚተነፍሰው አየር በቀጥታ ኦክስጅን ይወስዳል። ስለዚህ የረጋ ደም ሳንባቸው ውስጥ ከገባባቸው ሰዎች ሥጋው እስከመጎዳት የሚደርስባቸው ጥቂቶቹ ናቸው።

ነገሩ የሚበላሸው ጫፍ ላይ ያሉት ትናንሽ ቅርንጫፎች ሲዘጉ ነው። የትልቁ መንገድ ቅርንጫፍ ሲዘጋ ግፊት ያለው ትንሹ መንገድ፣ የብሮንካዩ፣ ባዶውን ቦታ ሊሞላ ይሮጣል። የተጎዱት ረቂቅ ደም ሥሮች ግፊቱን አይችሉትም፣ ደም ወደ አየር ከረጢቶቹ ይፈሳል። አክታው ውስጥ ያየነው ጥቁር ቀይ ደም እሱ ነው። የፈሰሰው ደም ተመጥጦ ካልጠፋ ያ ቁራጭ ሥጋ ይሞታል። ይህ የሳንባ ኢንፋርክሽን ነው።

ሕመሙ የሚያታልለውም እዚህ ላይ ነው። ሳንባ ራሱ ሲጎዳ አያምም፤ የሚያመው የደረቱን ግድግዳ ከውስጥ የሚያለብሰው ሽፋን ነው። ትናንሾቹ ቅርንጫፎች ደግሞ ከዚያ ሽፋን አጠገብ ነው ያሉት። ስለዚህ ጎንን አላስተነፍስ ብሎ የሚወጋው ብዙ ጊዜ ትንሹ የረጋ ደም ነው። ትልቁ ሲመጣ ውጋት ላይኖር ይችላል፤ ሰውየው ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። የእኛ ሰው ከሳምንት በላይ በትንሹ ሲጮህ፣ ትልቁ እግሩ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ምርመራው

መጀመሪያ የሠራነው ወጪ የሌለውን ነው። የሳንባ ኤምቦሊዝም ጥርጣሬን የሚመዝን፣ ዌልስ የሚባል የነጥብ አሰጣጥ አለ። እግሩ ላይ የመርጋት ምልክት 3፣ የልብ ምት ከ100 በላይ 1.5፣ መተኛቱ 1.5፣ ደም ያለው አክታ 1። ድምሩ 7 ነው። ከ6 በላይ ከሆነ ጥርጣሬው ከፍተኛ ነው ይባላል። ይህ ድምር በገባበት ሌሊትም 7 ነበር። የጎደለው ጋቢውን የሚገልጥ ሰው ብቻ ነው።

ሲቲ ስካኑ በዚያ ሳምንት አይሠራም ነበር። አልጠበቅነውም። የእግሩን ደም መልስ በአልትራሳውንድ አየን። ጤነኛ ደም መልስ በመሣሪያው ጫን ሲሉት ይጨፈለቃል፤ ውስጡ ደም የረጋበት አይጨፈለቅም። የእሱ ከጉልበቱ ኋላ ጀምሮ እስከ ታፋው ድረስ አልተጨፈለቀም። ከዚህ በኋላ ሕክምናውን ለመጀመር ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። በዚያው ሰዓት ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን መርፌ ጀመርን፣ የቲቢውን ትእዛዝ ሰረዝን።

የመጀመሪያውን ራጅ እንደገና መብራት ላይ ሰቀልነው። ጥላው እንደ ሽብልቅ ነው። ሰፊው ጎኑ ከጎድን አጥንቱ ጋር ተጣብቋል፣ ክብ የሚመስለው ጫፉ ወደ ልብ ያመለክታል። ሃምፕተንና ካስልማን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ይህን ቅርጽ በ1940 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል፤ ዛሬም በሃምፕተን ስም ይጠራል። ፈተና ላይ ብትጠይቁኝ ስሙን እመልሳለሁ። ሌሊት ላይ ግን ፊቴ ተሰቅሎ አላየሁትም።

ከሦስት ቀን በኋላ ሌላ ቦታ ሲቲ ስካን ተነሣ። የቀኝ ሳንባው የታችኛው ክፍል ቅርንጫፎች ተዘግተዋል፤ ግራው ላይም ትንሽ አለ። የተጎዳው ቦታ ዳር ዳሩ ነጭ ሆኖ መሃሉ ላይ እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ ቀዳዳ ይታያል። ይህ የእንጀራ ዓይን ከምች ይልቅ ወደ ኢንፋርክሽን የሚያዘነብል ምልክት ነው።

ሕክምናው

ክብደቱ 60 ኪሎ ነው። ያ መርፌ፣ ኢኖክሳፓሪን፣ 60 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ ከቆዳ ሥር ተሰጠው። ኦክስጅን ተደረገለት። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው የሚዋጥ መድኃኒት፣ ዋርፋሪን፣ 5 ሚሊ ግራም ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ተጀመረ። ዋርፋሪን ሥራውን ለመያዝ ቀናት ስለሚፈጅበት መርፌው ቢያንስ 5 ቀን፣ ደግሞም ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው፣ አይ ኤን አር የሚባለው የደም ምርመራ 2 አልፎ አንድ ቀን እስኪያድር መቀጠል አለበት። በ5ኛው ቀን 1.6 ነበር። ወንድሞቹ «ደህና ሆኗልና እንውሰደው» አሉ፤ አልለቀቅናቸውም። በ7ኛው ቀን 2.3፣ በ8ኛው 2.5 ሆነ። መርፌው ቆመ።

የቲቢ መድኃኒት ተጀምሮ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ችግር ነበር። ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ፣ ሪፋምፒሲን፣ ጉበት ዋርፋሪንን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። መጠኑን ማስተካከል ዳገት ይሆናል።

አጥንት ሐኪሞች እግሩን አይተው አጥንቱ በደህና እየገጠመ ነው አሉ። ወጌሻው አጥንቱን በሚገባ አቃንቶታል። ይህን የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። እግሩ በጄሶ ታስሮ ቢተኛም ደም ሊረጋ ይችል ነበር፤ እኛ ጄሶ ያሰርንላቸው ሰዎችም ይደርስባቸዋል። ጥፋቱ ያለው ማሰሪያው መጥበቁና «አትነቃነቅ» የሚለው ቃል ላይ ነው።

ጎመንና ፋሲካ

ሲወጣ ዋርፋሪኑን፣ የቀጠሮ ቀኑንና አንድ ወረቀት ሰጠነው። ወረቀቱ «ቫይታሚን ኬ ያላቸውን ምግቦች መጠን አይቀያይሩ» ይላል። ማን ነው ቫይታሚን ኬ በልቶ የሚያውቀው?

ከወጣ ከአራት ቀን በኋላ ሁዳዴ ገባ። በሳምንቱ መምጣት ነበረበት፤ የጀልባና የባጃጅ ገንዘብ ስላልተሟላ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። አይ ኤን አሩ 1.3 ነው። መድኃኒቱን ዘሎ እንደሆነ ጠየቅኩት። አልዘለለም። ሚስቱ ፍሬዎቹን ቆጥራ ነው የምትሰጠው።

«ምን እየበላህ ነው?»

«ጾም አይደል? ሽሮ፣ ጎመን። ጎመኑ ከጓሮ ነው፣ ጠዋት ማታ ነው።»

ጎመን በቫይታሚን ኬ የተሞላ ነው። ዋርፋሪን ደግሞ የሚሠራው የቫይታሚን ኬን ሥራ በማደናቀፍ ነው። አንዱ ሲጨምር ሌላው ይሸነፋል። (ዓሣ በሁዳዴ ይበላል አይበላም የሚለውን የጣና ዳር ክርክር ለካህናቱ ትቼዋለሁ፤ ለአይ ኤን አር ለውጥ አያመጣም።) ጎመኑን ከልክሎ ሽሮ ብቻ ብላ ማለት አይቻልም። ስለዚህ የዋርፋሪኑን መጠን ወደ 7.5 ሚሊ ግራም ከፍ አደረግኩ፤ እስኪስተካከልም ኢኖክሳፓሪኑን ለጥቂት ቀን መለስኩለት። ለሆሳዕና ሰሞን 2.4 ሆነ። ደስ አለኝ።

ሁለተኛው ስህተቴ ይህ ነው። ፋሲካ እንደሚመጣ እያወቅኩ ፋሲካን አላሰብኩም። ጾሙ ተፈታ። ጎመኑ ቆመ፣ ዶሮውና ሥጋው መጣ፣ ጠላውም አልቀረ። የመድኃኒቱ መጠን ግን የሁዳዴው ነው። ለዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ጥርሱን ሲፍቅ ድዱ ይደማል ብሎ መጣ። አይ ኤን አሩ 4.2። አንድ ቀን አስዘለልኩትና ወደ 5 ሚሊ ግራም መለስኩት። የከፋ ነገር አልደረሰም። ሊደርስ ግን ይችል ነበር።

አሁን ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ቀጠሮ ስሰጥ የጾም አቆጣጠሩን አየዋለሁ። ጾም ከገባ በሳምንቱ አንድ፣ ከተፈታ በሳምንቱ አንድ ምርመራ። ወረቀቱ ላይም «ቫይታሚን ኬ» የሚለውን ሰርዘን «ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቆስጣ» ብለን ጽፈናል።

ክፍላችን ውስጥ የተቀየረው

መርፌውን ከሲቲ ስካን በፊት መጀመራችን ሠርቷል። አልትራሳውንድ አልጋው ድረስ ይሄዳል፣ ዋጋውም ቀላል ነው። መጀመሪያ እሱን ማሰብ ተለምዷል። ሚስቱን መድኃኒት ቆጣሪ ማድረጋችንም ሠርቷል።

ያልሠራው ደግሞ ጥያቄያችን ነበር። አሁን ተለማማጅ ሐኪሞችን የማስጠይቃቸው እንዲህ ነው። «ባለፉት ሁለት ወራት ወድቀሃል? ተሰብረሃል? ወጌሻ አይቶሃል?» «ለብዙ ቀን ተኝተህ ነበር?» ሴት ከሆነች «አራስ ነሽ?»። አራስነት የተኛ እግር የሚበዛበት ጊዜ ነው፤ ከወሊድ በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት ደም የመርጋት ዕድሉ ከፍ ይላል። የጎን ውጋት ያላት አራስ መጥታ «ብርድ መታት» ሲባል ሁለት ጊዜ ማሰብ ይሻላል። ሐኪም ያልሆነ አንባቢም ይህን ቢይዝ አይከፋም። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከዚያ ጎን ከወጋና ትንፋሽ ካጠረ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው የሚኬደው። በዚህ ሁኔታ እግሩን ማሸት አይገባም።

ምች ያልነው ነገር በሦስት ቀን ውስጥ ካልተንቀሳቀሰ መድኃኒቱን ከመቀየራችን በፊት በሽታውን እንጠራጠራለን። ይህ በየመጽሐፉ ያለ ነገር ነው። እኛ ጋ ግን ከምች ቀጥሎ ያለው በር ሁልጊዜ ቲቢ ስለሆነ ሌላውን በር ማንኳኳት ይረሳል።

ወጌሻውንም ሄጄ አገኘሁት። የሄድኩት ለወቀሳ አይደለም። ሽማግሌ ናቸው፣ ቡና አፈሉልኝ። የሚያስሩለት ሰው የእግር ጣቶቹን እንዲያንቀሳቅስ፣ ጤነኛውን እግር እንዲያጥፍና እንዲዘረጋ፣ ውኃ እንዲጠጣ፣ እግሩ ካበጠ ማሰሪያውን እንዲያላሉና ወደኛ እንዲልኩ ተነጋገርን። «ጣት ማንቀሳቀስ አጥንት አያናጋም?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። አያናጋም አልኳቸው። ካመኑኝ ከወራት በኋላ ነው የሚታወቀው።

ከሦስት ወር በኋላ

ደሙ የረጋበት ምክንያት ጊዜያዊ ስለነበረ ዋርፋሪኑ በሦስት ወሩ ቆመ። ግንቦት ላይ ለመጨረሻው ራጅ መጣ፤ በእግሩ ነው የመጣው፣ በትር እንኳ አልያዘም። የሞተው ቦታ አፍ ውስጥ እንዳለ ከረሜላ ቅርጹን ሳይለቅ ከዳር ዳር አንሶ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ቀርቷል። ምች ቢሆን ኖሮ እየሳሳ፣ እየተበታተነ ነበር የሚጠፋው። መስመሩን በጣቴ አሳየሁት።

«ይቺ ናት እንዴ?» አለና በስልኩ ፎቶ አነሣት።

እናቱ አብረው መጥተው ነበር። ተሰናብተውኝ በሩ ላይ ከደረሱ በኋላ ተመለሱ። የቀሚሳቸውን ጫፍ ትንሽ ከፍ አድርገው ግራ ጉልበታቸውን አሳዩኝ።

«እግር ማየት ከጀመርክ አይቀር፣ ልጄ፣ ይህንንም እየውማ።»

ወንበር አቀረብኩላቸው።